ቤት እየታደሰ እዚያው ለምንኖር፦ የትኛው ቫኪዩም ይሻለናል?

ደሴ ላይ ቤት የሚያድስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን ለቆ አይወጣም። ለሁለት ለሦስት ወር ሌላ ቤት ልከራይ ቢል ኪራዩ አይቀመስም። ስለዚህ ዕቃው ወደ አንዱ ክፍል ይገፋል፣ በሩ ላይ አንሶላ ይሰቀላል፣ ሥራው በሌላው ክፍል ይጀመራል። አሮጌው ምርጊት ይራገፋል። ግድግዳው ለመብራት መስመር ይቦረቦራል። ሊሾው ተፈልጦ ሴራሚክ ይነጠፋል። መጨረሻ ላይ ስቱኮው በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጆቹ እዚያው ይተኛሉ፣ ቡናው እዚያው ይፈላል፣ እንጀራው እዚያው ይጋገራል።

አንሶላው ደግሞ አቧራ አያግድም። ጠዋት ረከቦቱ ላይ ጣት ብታሳርፉ ዱካው ይታያል። አልጋ ልብሱን ስታራግፉ ይጨሳል።

እዚህ ላይ ነው ሰው ቫኪዩም ልግዛ ብሎ የሚነሳው። ሱቅ ሲገባ ሻጩ ሁለት ቁጥር ይነግረዋል፤ «ይሄ 1,800 ዋት ነው፣ 30 ሊትር ይይዛል።» ለእድሳት አቧራ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብዙም አይነግሩንም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማየው ማሽኑ አየር የሚተፋበትን ቀዳዳ ነው። ቫኪዩም በቱቦው የሳበውን አየር በሌላ በኩል መልሶ እዚያው ክፍል ውስጥ ይለቀዋል። መሃል ላይ ያለው ፊልትሮ ያላስቀረው ሁሉ ወደ እናንተ ይመለሳል፤ ያውም በሞተር ጉልበት ተረጭቶ። ወለሉ የጸዳ ይመስላል፣ አየሩ ግን በመጥረጊያ ከተጠረገው ክፍል ሊብስ ይችላል። በዚህ መመሪያ ማሽኖቹን የማወዳድረው በዋናነት በዚህ መለኪያ ነው።

አቧራ ሁሉ አንድ አይደለም

የምናየው አቧራ ያን ያህል አያሰጋም። አፍንጫ ያስቀረዋል፣ በማስነጠስ ይወጣል፣ ወለል ላይ ቶሎ ይሰፍራል። የሚያሰጋው የማናየው ነው። ከ10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች የሆነ ብናኝ ወደ መተንፈሻ ቱቦ ይዘልቃል፤ ወደ 4 ማይክሮን ሲወርድ ደግሞ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ይህ ብናኝ በዓይን የሚለይ አይደለም። አንዴ ከተነሳ ደግሞ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው ሄደው፣ እናንተ እራት ስትበሉ፣ እሱ ገና አልሰፈረም።

በአሸዋ፣ በብሎኬት፣ በኮንክሪት፣ በሴራሚክና በድንጋይ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። እነዚህን በግራይንደር ስንቆርጥ ወይም በድሪል ስንበሳ ሲሊካው ደቅቆ ይበናል። ለዓመታት የተነፈሰው ሰው ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ሊይዘው ይችላል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንዲህ የሚተነፈስ ክሪስታል ሲሊካን በ1997 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ከሆኑት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። አንድ ሳሎን ያሳደሰ ቤተሰብ ሲሊኮሲስ ይይዘዋል ማለትም አይደለም። ቀን ከቀን ግድግዳ የሚቦረቡረው ኤሌክትሪሽያን እና ሴራሚክ የሚቆርጠው ልጅ ግን በእርግጥ አደጋ ላይ ናቸው። አስም ያለበት ልጅ ወይም አረጋዊ ያለበት ቤትም መጠንቀቅ አለበት።

ጂፕሰምና ስቱኮ ጠባያቸው ሌላ ነው። ሲሊካቸው አነስተኛ ቢሆንም ብናኛቸው እጅግ የላመ ነው። ፊልትሮን በደቂቃዎች የሚደፍነው ይህ ነው። የጭቃ ቤት ምርጊት ደግሞ አፈርና ጭድ ድብልቅ ነው፤ ጭዱ ቱቦ ውስጥ ይጋደማል፣ አፈሩ ከኋላው ይከመራል። ኮርኒስ ስታፈርሱ ለዓመታት የተጠራቀመ የአይጥ ኩስም አብሮ ይወርዳል። እሱን በደረቁ መጥረግ አይገባም፤ ቀድሞ በውሃ ይረጫል። ያረጀ የኤተርኒት ሉህ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቫኪዩምም ግራይንደርም አታስጠጉት። በጥንቶቹ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባን የሚጎዳ የማዕድን ክር ስለነበረ ሳይሰበር፣ በውሃ ረጥቦ፣ በሙሉው ነው የሚነሳው።

ካርቶኑ ላይ ያለውን እናንብብ

ዋት ማለት ማሽኑ ከቆጣሪያችሁ የሚበላው መብራት ነው። የሚስበውን አቧራ አይለካም። ስለ መሳብ የሚናገሩት ሌሎች ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው በኪሎ ፓስካል ወይም በሚሊባር የሚጻፈው የመሳብ ግፊት ነው፤ ደህና የሚባል ማሽን 20 ኪሎ ፓስካል ወይም 200 ሚሊባር አካባቢ አለው። ሁለተኛው በሴኮንድ ስንት ሊትር አየር እንደሚስብ የሚገልጸው ነው፤ ከ60 ሊትር በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ካርቶኑ ላይ ሁለቱም ከሌሉና ዋት ብቻ ከተጻፈ እኔ እጠራጠራለሁ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ማሽን ላይ «5 ፈረስ ጉልበት» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፔር ስለሆነ ከ1,800 ዋት በላይ አይሰጥም። ይህ ደግሞ 2.4 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። 5 የሚለው በሥራ ላይ የማይገኝ የላቦራቶሪ ቁጥር ነው። ከሁሉ በላይ ግን ያ ማሽን እኛ ጋ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ለሱ የሚሆን ትራንስፎርመር ከባድም ውድም ስለሆነ ዘመዳችሁን በዚያ ገንዘብ ሌላ ነገር እንዲልክ ብትነግሩት ይሻላል።

አሁን ወደ እኛ ተራራ እንምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን 1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ደሴ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ የኮምቦልቻው ደግሞ በአንድ አምስተኛ። የቫኪዩም ግፊት የሚመጣው ፕሮፔለሩ አየሩን ከመምታቱ ስለሆነ አየሩ በሳሳ ቁጥር ግፊቱም አብሮ ይቀንሳል። ሞተሩ ጭነት ሲቀልለት ፈጠን ብሎ ስለሚዞር ከጎደለው ጥቂቱን ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 200 ሚሊባር ያለው ማሽን ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ሲሠራ ወደ 150 ወይም 160 ቢጠጋ አይግረማችሁ። ሞተሩም የሚቀዘቅዘው በዚሁ በሳሳ አየር ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ደሴ ላይ በጣም ደካማውን ማሽን አትግዙ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ይዛችሁም አትሥሩ። ሜዳ ላይ የሚያዘልቅ ማሽን እዚህ ይሰንፋል።

የቤት ቫኪዩም ይበቃል ወይ?

አይበቃም። ምንጣፍ የምናጸዳበት ቫኪዩም ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአብዛኛው በሳበው አየር ራሱ ነው። የስቱኮ ብናኝ ትንሿን ከረጢት ሲደፍናት አየር ይቋረጣል፣ ሞተሩ ይግላል። ፊልትሮውን ያለፈው ብናኝ ደግሞ ኩሽኔታውን ይበላል። ማሽኑ ያን ቀን ላይቃጠል ይችላል፣ ግን ዕድሜው ያጥራል። እድሳቱ አልቆ፣ ግድግዳው በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ፣ የቀረችውን ብናኝ ከሶፋና ከስጋጃ ላይ ለማንሳት ከሆነ ግን ጥሩ ነው። እዚያ ላይ ሥራውን ያውቃል።

መጥረጊያ፣ ውሃና አካፋ

ይህን እንደ አንድ አማራጭ የምቆጥረው ከልቤ ነው። አፍርሶ ለመጨረስ ሁለት ቀን ብቻ የሚፈጅ ሥራ ከሆነ ማሽን ላያስፈልግ ይችላል። ግድግዳውን ከመፈልፈል በፊት በደንብ ውሃ መርጨት አቧራውን ከምንጩ ይይዘዋል። ሴራሚክን በውሃ በሚሠራ መቁረጫ ደጅ መቁረጥ ከየትኛውም ቫኪዩም ይበልጣል። ፍርስራሹ በአካፋ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። የቀረው እርጥብ የሰጋቱራ ብናኝ ተበትኖበት ይጠረጋል።

ደረቅ መጥረጊያ ግን አይሆንም። የሰፈረውን መልሶ ያስነሳዋል። ውሃም የማይሠራበት ቦታ አለ፤ ስቱኮ ሲፈተግ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት ግድግዳ ላይ መርጨት አይቻልም። ጂፕሰም ቦርድ ከረጠበ ይበላሻል። ቫኪዩም ዋጋው የሚታየው እዚያ ነው።

የላቫጆው ትልቁ ማሽን

60 ወይም 80 ሊትር የሚይዝ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሞተር ያለው፣ አብረቅራቂ በርሜል ያለው ማሽን ላቫጆ ቤት አይታችኋል። ሰው ጉልበቱን አይቶ ይጎመጃል። ውሃ ለመምጠጥ፣ ጠጠርና የምርጊት ስብርባሪ ለመሰብሰብ ግሩም ነው። አብዛኞቹ ላይ ያለው ፊልትሮ ግን ጨርቅ ነው። ስቱኮ ብናኝ በጨርቁ አልፎ በሦስት ሞተር ጉልበት ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ባዶ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ማስክ አድርጎ ከሆነ ተከራይቶ መሥራት ያዋጣል። ሰው በሚኖርበት ቤት ግን እኔ አላስገባውም።

ባለ በርሜሉ እርጥብና ደረቅ ቫኪዩም

አብዛኛው ሰው መጨረሻ ላይ የሚገዛው ይህንን ነው፣ ትክክልም ነው። ከ15 እስከ 30 ሊትር ይይዛል፣ ከ1,000 እስከ 1,400 ዋት ይበላል፣ ደረቅም ውሃም ይስባል። ገበያችን ላይ ኢንግኮና ቶታል በርከት ብለው ይታያሉ፤ ካርሸር፣ ቦሽና ማኪታም አሉ። የስም ልዩነቱ በመሳብ ጉልበት ላይ የምታስቡትን ያህል አይደለም። የሚለዩት በሌላ ነገር ነው፤ በፊልትሮው ጥራት፣ በክዳኑ መገጣጠም፣ ከረጢት በመቀበላቸውና መለዋወጫ በመገኘቱ።

ይህን ማሽን ለእድሳት የሚያበቃው ከረጢቱ ነው። ያለ ከረጢት ከሠራችሁ ብናኙ በቀጥታ ፊልትሮው ላይ ይለጠፋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሳቡ ይደክማል፤ ትከፍታላችሁ፣ ታራግፋላችሁ፣ ራሳችሁ ላይ ይበናል። ከረጢት ካለ አብዛኛው እዚያው ይቀራል፣ ፊልትሮው የሚይዘው የተረፈውን ነው። ከረጢትም ዓይነት አለው። የወረቀቱ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደፈናል፣ የምስማር ቁራጭ ይቀደዋል። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው፣ ሲነኩት ወፍራም ብርድ ልብስ የሚመስለው፣ ውድ ቢሆንም ሞልቶም ይስባል። ለስቱኮ ሁለተኛውን ውሰዱ።

ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ ከጥጥ ጨርቅ ከረጢት የሚያሰፋ ሰው አለ። ጭዱንና ጠጠሩን ይይዛል፣ የላመውን አይዝም። ከኋላው ጥሩ ፊልትሮ ካለ እንደ መጀመሪያ ወንፊት ማገልገል ይችላል፣ ብቻውን ግን አትመኑት።

ስለ ፊልትሮው ስታጣሩ ሄፓ የሚል ቃል ፈልጉ። በአሜሪካው መለኪያ ሄፓ የሚባለው 0.3 ማይክሮን ከሆነ ብናኝ 99.97 ከመቶውን የሚያስቀር ነው። አውሮፓ የተሠሩት ላይ ደግሞ ሦስት ደረጃ አለ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤል፣ ኤም እና ኤች ተብሎ ይጻፋል። ኤል እስከ 1 ከመቶ ያሳልፋል። ኤም ከ0.1 ከመቶ በላይ አያሳልፍም። ኤች ከ0.005 ከመቶ በላይ አያሳልፍም። ለኮንክሪትና ለአሸዋ ብናኝ ኤም ነው የሚመከረው። ኤች ለአስቤስቶስና ለመሳሰሉት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በርሜል ማሽን ላይ የሄፓ ፊልትሮ ስለገጠማችሁ ማሽኑ የኤም ማሽን አይሆንም። አየር በፊልትሮው ውስጥ ብቻ ማለፍ አለበት። የፊልትሮው ጎማ በደንብ ካልተቀመጠ ወይም ክዳኑ ክፍተት ካለው አየሩ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። የኤም ማሽን የሚፈተነው ሙሉ አካሉ እንጂ ፊልትሮው ለብቻው አይደለም። ቢሆንም ጥሩ ከረጢትና ሄፓ ፊልትሮ ያለው፣ ጎማው ደህና የሆነ ርካሽ ማሽን፣ ጨርቅ ፊልትሮ ካለው ውድ ማሽን በብዙ ይሻላል።

የባለሙያው ማሽን

ኤም ደረጃ ያላቸው ማሽኖች ዋጋቸው የበርሜሉን ብዙ እጥፍ ነው። በምን ይለያሉ? ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ፍጥነት በሴኮንድ ከ20 ሜትር ሲወርድ ይጮኻሉ። ብዙዎቹ በየጊዜው ፊልትሮውን በራሳቸው ያራግፋሉ። አካላቸው ላይ ሶኬት አላቸው፤ ግራይንደሩን እዚያ ትሰካላችሁ፣ ግራይንደሩ ሲነሳ ቫኪዩሙም ይነሳል፣ ሲጠፋ ቱቦው እስኪጸዳ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ይጠፋል።

አንድ ቤት ለማደስ ይህን መግዛት አይታየኝም። የጂፕሰም፣ የስቱኮ ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ እንጀራችሁ ከሆነ ግን በጣም አስቡበት። በየቀኑ ያንን አየር የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ፤ ባለቤቱ ሥራው ሲያልቅ ይገላገላል። ሦስት አራት ባለሙያ ተጋርቶ ቢገዛውም ይሠራል። ሰው እየኖረበት ያለ ቤት ያለ አቧራ የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም ሥራ አያጣም።

ባትሪ ላይ የሚሠሩት ትንንሾቹ ሌላ ነገር ናቸው። መብራት ሲጠፋና መሰላል ላይ ሆናችሁ አንድ ቀዳዳ ስትበሱ ደስ ይላሉ። በርሜላቸው ትንሽ ነው፣ ባትሪው በደቂቃዎች ያልቃል። ዋና ማሽን አድርጋችሁ አትያዟቸው።

ባልዲው

በጥቂት ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው መካከል ላይ የሚገባ ባልዲ ነው። የቫኪዩሙ ቱቦ በክዳን በተዘጋ ባልዲ በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል። አየሩ ባልዲው ውስጥ በጎን ገብቶ ይሽከረከራል፣ ክብደት ያለው ሁሉ ግድግዳውን ታክኮ ወደ ታች ይወርዳል፣ የቀለለው አየር በክዳኑ መሃል ወጥቶ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። የተዘጋጀ ማገጣጠሚያ ይሸጣል። የቧንቧ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ የፕላስቲክ ክርንም (የታጠፈው የቧንቧ መገጣጠሚያ) ይበቃል፤ ዋናው ነገር የሚገባው አየር የባልዲውን ጎን ይዞ እንዲዞር ማዘንበሉ ነው።

ባዶ የቀለም ባልዲ ከሆነ ወፍራሙን ምረጡ። ቱቦው ሲደፈን ቫኪዩሙ ስሱን ባልዲ ያጨማድደዋል። የክዳኑ ዙሪያ አየር የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ምንም አይለይም። ባልዲው ጠጠሩን፣ ጭዱን፣ አሸዋውንና አብዛኛውን ብናኝ ያስቀራል። የላመው ጥቂቱ አሁንም ያልፋል፤ ስለዚህ ከረጢትና ፊልትሮን አይተካም። ግን ከረጢት የምትገዙበትን ጊዜ በጣም ያራዝመዋል። ከረጢት እንደልብ በማይገኝበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቱቦ

35 ሚሊ ሜትር ለጠቅላላ ሥራ፣ 27 ሚሊ ሜትር ለድሪልና ለማለስለሻ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ለስብርባሪ። በቀጭኑ ቱቦ የምርጊት ቁራጭ መሳብ ወፍራም አጥሚት በስትሮ እንደ መጠጣት ነው። የቱቦው አፍና የመሣሪያችሁ መውጫ አለመገጣጠሙ የታወቀ ነው። የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጦ ማልበስና በፋሼታ ማሰር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

አቧራ መያዝ ያለበት ከመነሳቱ በፊት ነው። ድሪል ስትበሱ አንድ ሰው የቱቦውን አፍ ከቀዳዳው ሥር ያስጠጋ። ግራይንደር ላይ ድስት የመሰለ መሸፈኛ ይገጠማል፣ ቱቦው እሱ ላይ ይሰካል። ስቱኮ በቀዳዳ መረብና ቱቦ በሚቀበል ማለስለሻ ከተፈተገ ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው አቧራ ከድሮው ጋር አይወዳደርም። ቀለም ቀቢው «ጊዜ ይፈጃል» ይላችኋል። አብሽሩ፣ የምታጸዱበት ጊዜ ሲቀነስ ትርፍ ነው።

መብራቱ

1,400 ዋት ቫኪዩም በ220 ቮልት ከ6 አምፔር በላይ ይስባል። ግራይንደሩ ሲጨመር ወደ 10 ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚበላ ሦስቱ አንድ ላይ ከተነሱ አሮጌ መስመር ያለው ቤት ብሬከር ይወርዳል፣ ወይም ስፒናው ይቀልጣል። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት የፍተጋ ሥራ ይቁም። ኤክስቴንሽን ሽቦው ወፍራም ይሁን፣ ተጠቅልሎም አይሥራ፤ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። ካልተዘረጋ ይግላል።

ጀነሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ ከፍታው እዚህም ይመጣል። ሰሌዳው ላይ 2.5 ኪሎ ዋት የሚል የቤንዚን ጀነሬተር ደሴ ላይ የሚሰጠው በሩብ ያህል የቀነሰ ነው። የቫኪዩም ሞተር ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ብዙ ይስባል። መጀመሪያ ቫኪዩሙን አስነሱ፣ ከዚያ ግራይንደሩን።

ሱቅ ውስጥ

ማሽኑን ከካርቶኑ አውጡና አስከፍቱት። ፊልትሮውን አውጥታችሁ ጎማውን በጣት ዳስሱ፤ ዙሪያውን ሙሉ መሆን አለበት። የክዳኑ መቆለፊያ ሲዘጋ ጥብቅ ይበል። አስነስታችሁ የቱቦውን አፍ በመዳፍ ዝጉት፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካላለ የሆነ ቦታ አየር ይገባል ማለት ነው። ከተፈቀደላችሁ አንድ እፍኝ ጂፕሰም አስስቡት፣ አየር መውጫው ላይ እርጥብ ጥቁር ጨርቅ ያዙ። ጨርቁ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ ያንን ማሽን ለሳሎን አትውሰዱ። ጨርቁ ንጹሕ ቢሆንም የላመው አያልፍም ማለት አይደለም፣ ግን የባሰውን ትለያላችሁ።

ከዚያ ወሳኙን ጥያቄ ጠይቁ፤ ከረጢቱና ፊልትሮው እዚሁ ይገኛል ወይ? «አዲስ አበባ አለ» ከተባላችሁ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ እያሰባችሁ ነው የምትገዙት። ማሽኑን ስትገዙ ሁለት ፊልትሮና እድሳቱን የሚጨርስ ከረጢት አብራችሁ ያዙ። ካልተገኘ፣ መለዋወጫ ያለውን ዝቅ ያለ ማሽን እመርጣለሁ። ያገለገለ ከሆነ የሞተሩን ካርቦን አስፈትሹ፤ ካርቦን መቀየር ርካሽ ነው፣ ሞተር ማስጠቅለል ግን አይደለም።

ታዲያ የቱን?

ቤቱ ውስጥ እየኖራችሁ ሁለት ሦስት ክፍል የምታድሱ ከሆነ፣ 20 ሊትር ገደማ በርሜል ማሽን፣ ወፍራም ከረጢት፣ ሄፓ ፊልትሮና ባልዲ። እኔ ያለምንም ማመንታት የምመክረው ይህንን ነው። ከማሽኑ ዋት ላይ ቀንሳችሁ ከረጢት ላይ ጨምሩ። ቤቱ ባዶ ከሆነና ሥራው ማፍረስ ከሆነ፣ ውሃ፣ አካፋ፣ ማዳበሪያ፤ ካስፈለገም የላቫጆውን ተከራዩ። ጠረጴዛና ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጺ ከሆናችሁ ከረጢቱ ይቅርና ባልዲው ይግባ፤ ፍቅፋቂ ቶሎ ይሞላል። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ግን ኤም ደረጃ ማሽን ያለውን ባለሙያ ፈልጉ፣ ወይም በፍተጋው ቀናት በሽተኛውን ዘመድ ቤት አሳድሩ። ማስክ በየትኛውም አማራጭ አይቀርም፤ ኤን95 ወይም ኤፍ ኤፍ ፒ 2 የሚለውን እንጂ ጨርቁን አይደለም።

ከገዙ በኋላ

የከሰል ምድጃ አመድ በቫኪዩም አትሳቡ። ከላይ የበረደ የመሰለ ፍም ከረጢቱን ያቀጣጥላል። ብረት የሚቆርጥ ግራይንደር ብልጭታም እንደዚያው። የቤንዚንና የቲነር ፍሳሽ ጭራሽ አይሞከርም።

ውሃ ስትስቡ ከረጢቱንና የወረቀት ፊልትሮውን አውጥታችሁ የስፖንጁን ፊልትሮ ግጠሙ። በርሜሉ ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ መንቀሳቀሱን አረጋግጡ። የሲሚንቶ ውሃ ከሳባችሁ በርሜሉን ወዲያው እጠቡ፣ እጣቢውንም ቧንቧ ውስጥ አትድፉ፤ እዚያው ይደርቃል።

ፊልትሮ የሚታጠበው ይታጠባል የሚል ምልክት ካለው ብቻ ነው። ከታጠበ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በክረምት ደሴ ላይ ይህ ከቀናት በላይ ሊወስድ ይችላል። እርጥብ ፊልትሮ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ካረፈበት ይጋገራል፤ ከዚያ በኋላ መጣል ብቻ ነው። ሁለት ፊልትሮ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል።

ከረጢቱ ሲሞላ ግቢ ውስጥ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጋችሁ፣ ማስክ ሳታወልቁ አውጡት። አፉን እጠፉትና በፌስታል ቋጥሩት። ልብስ የተሰጣበት ቀን ከሆነ ጎረቤት ልብሷን እስክታነሳ ጠብቁ።